ሰው መያዣ የሆነበት ብድር

ዛሬ ከባንክ የሚበደር ሰው ቤቱን ወይም መኪናውን ያስይዛል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በዮሩባ አገር፣ ማለትም በዛሬዋ ደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ፣ አባቱን በወጉ ለመቅበር ገንዘብ ያጠረው ገበሬ ወደ አበዳሪው ቤት ይዞት የሚሄደው ልጁን ነበር። ልጁ እዚያው ይቀራል፣ አባት ዛጎሉን አስቆጥሮ ይመለሳል። በዚያ ዘመን የሚሸጡበትም የሚገዙበትም ገንዘብ ዛጎል ነው። ብድሩ እስኪከፈል ድረስ ልጁ ለአበዳሪው ይቆፍራል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ሸክም ይሸከማል። ዮሩባዎች እንዲህ ያለውን ሰው ኢዎፋ ይሉት ነበር። በዛሬዋ ጋና የሚኖሩት አሻንቲዎች ደግሞ አዎዋ ይሉታል። በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍና ከጠረፉ ወደ ውስጥ ባለው አገር፣ አልፎም በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ስሙና ዝርዝሩ ይለያይ እንጂ ተመሳሳይ ውል ነበር።

ይህን ውል ከባርነት ጋር አንድ አድርጎ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። በተቃራኒው የዘመድ መረዳጃ አድርጎ የሚያሞካሸውም አይጠፋም። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። በአገሬው ሕግ መያዣ የሆነው ሰው ነፃ ሰው ነው፤ አይሸጥም፣ ስሙና ዘሩ አይፋቅም። ነገር ግን ይህን ነፃነቱን የሚጠብቅለት ጽሑፍ አልነበረም፤ የሚጠብቅለት ከጀርባው ያለው ዘመዱ ነው። እናቱ ገበያ ስትወጣ ታየዋለች፤ አጎቱ ሲመታ ከሰማ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል። ዘመድ በቅርብ እስካለ ድረስ ነገሩ ብድር ሆኖ ይቆያል። ዘመድ ከማይደርስበት ቦታ ሲወሰድ ግን ያው ሰው፣ በዚያው ውል፣ ባሪያ ይሆናል። የዚህን ታሪክ ውጣ ውረድ ሁሉ የሚፈታው ይህ ነጥብ ይመስለኛል።

ዋናው ገንዘብ የማይነካበት ስሌት

የውሉን አሠራር ለመረዳት በእኛ ገጠር የሚታወቀውን ወለድ አገድ ማሰብ ይበቃል። የቸገረው ገበሬ ማሳውን ለአበዳሪው ይለቃል። አበዳሪው እያረሰ ምርቱን ይወስዳል፤ ያ ምርት በወለድ ቦታ ይቆማል። ባለ መሬቱ ዋናውን ገንዘብ አምጥቶ እስኪከፍል ድረስ ማሳው አይመለስለትም፤ አበዳሪው አሥር ክረምት ቢያርሰውም ከዋናው ላይ ሳንቲም አይነሳም። ኢዎፋ በመሬት ፋንታ ሰው የገባበት ወለድ አገድ ነው። የሰውየው ጉልበት ወለዱን ይከፍላል እንጂ ዕዳውን አይከፍልም።

ሂሳቡን እንየው። በዮሩባ ገበያ 40 ዛጎል አንድ ፈትል ነው። 50 ፈትል አንድ ‘ራስ’ ይባላል፤ 2,000 ዛጎል ማለት ነው። 10 ራስ አንድ ከረጢት ይሆናል፤ 20,000 ዛጎል። ይህ ለአንድ ሸክም ተሸካሚ በቂ ክብደት ነው። አባት አንድ ከረጢት ተበድሮ የስምንት ዓመት ልጁን አስያዘ እንበል። ልጁ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ያን ቤት ለቆ ለመውጣት አሁንም አንድ ከረጢት ዛጎል፣ ሙሉ 20,000 ያስፈልገዋል። የአሥር ዓመት ልፋቱ በሂሳቡ ላይ አይታይም። ልጁ በመሀል ቢሞት ወይም ቢጠፋ ዕዳው አብሮት አይሞትም፤ ቤተሰቡ ወይ ገንዘቡን ወይ ሌላ ሰው ያመጣል። አባትየው ቢሞት ደግሞ ዕዳው ለወራሾቹ ይተላለፋል። በዚህ መንገድ አንድ ዕዳ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገርበት ጊዜ ነበር፤ አያት የተበደረውን የልጅ ልጅ በጉልበቱ ሲያስታምም ይገኛል።

ራሱን ያስያዘ ጎልማሳ ግን ሕይወቱ ከልጁ ይሻላል። በራሱ ቤት ያድራል፤ ጠዋት ለአበዳሪው የተመደበለትን ቁፋሮ ይጨርሳል፣ ቀሪው ቀን የራሱ ነው። በአንዳንድ ቦታ ቀን በቀን እየተፈራረቀ ይሠራል። ሚስት ያገባል፣ የራሱን እርሻ ይይዛል፣ በመንደሩ ጉዳይ ላይ ይናገራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የኖሩትና የአገራቸውን ወግ የመዘገቡት የዮሩባው ቄስ ሳሙኤል ጆንሰን ኢዎፋን ከባሪያ ለይተው የሚያስቀምጡት በዚሁ ምክንያት ነው። አበዳሪው ካስመረረው ሌላ አበዳሪ ፈልጎ የመጀመሪያውን ከፍሎ መዛወርም ይችላል።

ልጅ ግን ግማሽ ቀን የለውም። የሚያድረው አበዳሪው ቤት፣ የሚበላው የአበዳሪውን እህል ነው፤ ስለዚህ ጉልበቱ ከንጋት እስከ ማታ የአበዳሪው ይሆናል። አዋቂዎቹ ተበድረው ክብዱን ቀን የሚገፋው እሱ ነው። ይህን ሳስብ ‘በፈቃድ የተገባ ውል’ የሚለው አባባል ይከብደኛል። ፈቃዱን የሰጠው አባት ወይም አጎት ነው፤ ልጁን የጠየቀው የለም።

ለምን መሬት አላስያዙም?

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ወዲያው የሚያነሳው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። በእኛ ደጋ መሬትና በሬ ነው ሀብት። በምዕራብ አፍሪካ የደን ቀበቶ ግን ነገሩ ሌላ ነበር።

በመጀመሪያ መሬት አልጠበበም። ደን ለሚመነጥር እጅ እንጂ ለመሬት የሚጣላ ሰው ጥቂት ነው። መሬቱም የግለሰብ ሳይሆን የዘር ሐረጉ ስለሆነ አንድ ሰው ተነስቶ ላበዳሪ የሚለቀው ማሳ የለውም። ቢለቅስ አበዳሪው ምን ያደርግለታል? እሱም መሬት ሞልቶታል፤ የጎደለው የሚቆፍርለት ሰው ነው። ሁለተኛ፣ በዚያ አገር የቆላ ዝንብ የሚያመጣው የገንዲ በሽታ ከብትና ፈረስ አያኖርም። ስለዚህ ሞፈርና ቀንበር የለም፣ የሚጠመድ በሬ የለም። ያም የሚባለው የስራስር ሰብል የሚተከለው አፈሩ በዶማ እየተቆለለ ነው፤ እያንዳንዱ ቁልል የሰው ክንድ ይጠይቃል። የዘንባባ ዘይት የሚጨመቀው በሰው እጅ፣ ሸቀጥ ከከተማ ከተማ የሚሄደውም በሰው ጭንቅላት ነው።

እንዲህ ባለ አገር ባለጸጋ ማለት ብዙ ሰው በዙሪያው ያለው ሰው ነው፤ ሚስቶች፣ ልጆች፣ ባሪያዎች፣ ጥገኞች፣ ኢዎፋዎች። ለብድር የሚበቃ ዋጋ ያለውና ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ የሚችለው ነገር የሰው ጉልበት ብቻ ስለሆነ፣ ብድሩ ወደ ሰው ሄደ። በገዛ ዘመዱ ጨካኝ የሆነ ሕዝብ ስለነበረ አይደለም።

የብድሩ ምክንያት ደግሞ የማንም ሰው ምክንያት ነው። ቀብር፣ ጥሎሽ፣ የፍርድ ቤት መቀጮ፣ በሽታ፣ የንግድ ኪሳራ፣ ረሃብ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን አንድ ከባድ ምክንያት ተጨመረ። ብዙ የዮሩባ አገር ይገዛ የነበረው የኦዮ መንግሥት ከፈረሰ በኋላ የዮሩባ ከተሞች ለአሥርት ዓመታት እርስ በርስ ተዋጉ፤ በመጨረሻ የኢባዳን ከተማ ሠራዊትና የምሥራቅ ዮሩባ ከተሞች ኅብረት ከ1877 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለዓመታት ተፋጠው ቆዩ። ጦር አለቆች ጠመንጃና ባሩድ በዱቤ ወሰዱ። ተራው ቤተሰብ ደግሞ የተማረከበትን ሰው ለማስለቀቅ ቤዛ መክፈል ነበረበት። ቤዛውን ለመክፈል ይበደራል፤ ለመበደር ሌላ ልጅ ያስይዛል። የተማረከችውን ልጅ ከባርነት ለማውጣት እህቷ መያዣ ትሆናለች። ይህን ምርጫ ያደረጉትን እናቶችና አባቶች ለመውቀስ አንደበት የለኝም።

ግቢ ውስጥ የሚቀመጠው ዕዳ አስከፋይ

ተበዳሪው ገንዘቡን ወስዶ ዝም ቢልስ? ዮሩባዎች ለዚህ ብርቱ መላ ነበራቸው። አበዳሪው ኦሎጎ የሚባል፣ ሥራው ዕዳ ማስከፈል የሆነ ሰው ይልካል። ኦሎጎ ወደ ተበዳሪው ግቢ ይገባል፣ ባለዕዳውን ይፈልጋል፣ ቢያጣውም ባያጣውም እዚያው ይቀመጣል። ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ ያገኘውን ዶሮ ወይም ፍየል ይዞ ያሳርዳል፣ ቤቱ እንዲመግበው ያዛል። ዕዳው እስኪከፈል ወይም ቁርጥ ያለ ነገር እስኪደረግ አይነሳም። ማንም አይነካውም፤ በወጉ የተላከ ነውና።

ብልሃቱ ኦሎጎ የሚይዘው ፍየል የባለዕዳው መሆን አለመሆኑን አለመጠየቁ ነው። የዮሩባ ግቢ ብዙ አባወራዎች በአንድነት የሚኖሩበት ሰፊ ቅጥር ነው። ፍየሉ የወንድሙ ሊሆን ይችላል፤ ዶሮዋም የአክስቱ። የአንዱ ዕዳ በአንድ ቀን የግቢው ሁሉ ዕዳ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ‘ይህን ሰው ከግቢያችን አስወጣልን’ ይሉታል። አውጣ ማለት ገንዘብ ስጥ፣ ከሌለህ ልጅ ስጥ ማለት ነው። ብዙ ልጆች ኢዎፋ የሆኑት በዚህ መንገድ፣ ብድሩ ከተወሰደ በኋላ ነው።

በዛሬዋ ጋና ጠረፍ ደግሞ ከዚህ የከፋ ልማድ ነበር። አበዳሪ የባለዕዳውን ዘመድ፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ የማይዛመደውን ያገሩን ሰው መንገድ ላይ ይዞ ያስራል። የተያዘው ሰው ወገኖች ሄደው ባለዕዳውን እንዲያስጨንቁት ነው። የብሪታንያ ሹማምንትና የጠረፉ የፋንቲ አለቆች መጋቢት 1844 የፈረሙት ውል ይህን ሰውን በጉልበት የመያዝ ልማድ በስም ጠርቶ ከሕግ ውጭ አድርጎታል። እንደ ሰው መሥዋዕት ካለ ነገር ጋር አብሮ መጠቀሱ ምን ያህል እንደተስፋፋ ያሳያል።

የልጃገረዶቹ ዕጣ

በብዙ ቦታ ለመያዣነት የሚመረጡት ሴት ልጆች ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሴት ልጅ ከልጅነቷ ጀምሮ የቤቱን ሥራ፣ ገበያውን፣ እርሻውን ትችላለች፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ደግሞ ትዳር የሚባል ሌላ ዋጋ ይጨመርባታል። በዮሩባ ወግ አበዳሪው የተያዘችን ልጃገረድ በግድ ቢደፍር ገንዘቡን ያጣል፣ ዕዳው እንደተከፈለ ይቆጠራል። መልካም ሕግ ይመስላል። ነገር ግን ሕጉ የሚሠራው ልጅቱ ተናግራ፣ ዘመዷ አምኗት፣ ከኃይለኛ አበዳሪ ጋር ለመሟገት ሲደፍር ነው። ባል የሚሆን ሰው ዕዳውን ከፍሎ ሊያገባት ይችላል፤ አበዳሪው ራሱ ወይም ልጁም ዕዳውን በጥሎሽ ቆጥሮ ሊያገባት ይችላል። እሷ ትፈልግ አትፈልግ የሚለው በስሌቱ ውስጥ ቦታ የለውም።

በአሻንቲ ጉዳዩ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው፤ እኔም የምቆይበት እዚህ ላይ ነው። አሻንቲዎች ዘር የሚቆጥሩት በእናት ነው። ልጅ የእናቱ ወገን እንጂ የአባቱ አይደለም፤ የሚወርሰውም ከእናቱ ወንድም ነው። ስለዚህ ልጅን በዕዳ የማስያዝ ሥልጣን ያለው አባት ሳይሆን አጎት፣ የእናት ወገን አለቃ ነው። የእናቲቱ ወገን ዕዳ ሲገባ አንዷን የእህት ልጅ ያስይዛል። አበዳሪ ሆኖ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባሏ ነው።

ባል ገንዘቡን ለሚስቱ ወገን ያበድራል፣ ሚስቱም ለገዛ ባሏ መያዣ ትሆናለች። ውጭ ሆኖ ለሚያይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ በዚያው ቤት፣ በዚያው ምድጃ ነው ያለችው። የተለወጠው ሕጉ ነው። ቀድሞ ሚስት ስትሆን ባሏ ቢያስቀይማት ወደ እናቷ ቤት መመለስ ትችል ነበር። አሁን ስትሄድ ዕዳው ይከተላታል፤ ወንድሟና አጎቷ ‘ገንዘቡን ከየት አምጥተን?’ ብለው ይመልሷታል። በሥራዋም በልጆቿም ላይ ባሏ ያልነበረውን ሥልጣን ያገኛል። በእናት ዘር በሚቆጠር አገር አባት በልጆቹ ላይ የሚያዝበት ጠንካራው መንገድ ይህ ሆነ። በዚህ ውል ውስጥ ከጎኗ ይቆማል የተባለው ዘመድ አስያዡ ራሱ ነው። ከላይ ‘ዘመድ ይጠብቃል’ ያልኩት ነገር ለሴቶች ግማሹን ብቻ እውነት የሚሆነው ለዚህ ነው።

መርከብ ሲመጣ

አሁን ዘመድ ወደማይደርስበት ቦታ እንሂድ። በዛሬዋ ናይጄሪያ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ በክሮስ ወንዝ አጠገብ፣ የኤፊክ ነጋዴዎች ከተማ ኦልድ ካላባር አለች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የብሪስቶልና የሊቨርፑል መርከቦች እዚህ መልሕቅ ጥለው ለወራት ይቆማሉ። ጨርቅ፣ የብረትና የመዳብ ዘንግ፣ ጠመንጃ፣ አረቄ ይዘው ይመጣሉ፤ የሚገዙት ሰው ነው።

ንግዱ የሚሄደው በዱቤ ነበር። ካፒቴኑ ሸቀጡን ለኤፊኩ ነጋዴ አስቀድሞ ያስረክባል። ነጋዴው በታንኳ ወደ ላይኛው አገር ገበያ ሄዶ ባሪያ ገዝቶ ይመለሳል። እስኪመለስ ድረስ ካፒቴኑ ምን ይዞ ይጠብቃል? ሰው። ነጋዴው የራሱን ልጅ፣ የእህቱን ልጅ፣ የቤቱን ሰው መርከቡ ላይ ትቶ ይሄዳል። የኦልድ ካላባር ክፍል በሆነችው በዱክ ታውን ነጋዴ የነበረው አንቴራ ዱክ ከ1785 እስከ 1788 በራሱ እጅ በእንግሊዝኛ የቀን ማስታወሻ ይዟል፤ ዋናው ቢጠፋም ከእሱ የተቀዳው ክፍል እስከ ዛሬ አለ፤ በዚያ ውስጥ መያዣ ሰዎች ልክ እንደ ዝናቡና እንደ ገበያው የዕለት ጉዳይ ሆነው ይነሳሉ።

ውሉ ከላይ ካየነው የመንደር ውል ጋር በስም አንድ ነው። ግን ሁለት ነገር ተለውጧል። የመንደሩ አበዳሪ የልጁን ጉልበት ይፈልጋል፤ ልጁ በሕይወት እስከቆየ ድረስ ይጠቅመዋል፣ ለመሸጥም ምክንያት የለውም። ካፒቴኑ ግን ለመያዣው ጉልበት ደንታ የለውም፤ የሚፈልገው ሌላ ሰው ነው፤ መያዣውም እንደማንኛውም ሰው በካሪቢያን ገበያ ዋጋ ያወጣል። ሁለተኛው የመንደሩ አበዳሪ ነገ እዚያው ይኖራል። ካፒቴኑ ይሄዳል።

ነጋዴው የዘገየ ቀን፣ ካፒቴኑም መርከቡ ላይ ያሉት ሰዎች በበሽታ እያለቁበት ስንቁ ሲያልቅ ሲያይ፣ መልሕቁን ያነሳል። የነጋዴው ልጅ ትላንት መያዣ ነበረ፤ መርከቧ ከወንዙ አፍ ስትወጣ ባሪያ ሆነ። ማንም ያን ልጅ ሲገዛ ሲሸጥ አላየም፤ ምንም ውል አልተለወጠም፤ የተለወጠው በእሱና በዘመዶቹ መካከል ያለው ውኃ ነው።

ኤፊኮች ዝም ብለው አልተቀመጡም። ኤክፔ የሚባል፣ በነብር መንፈስ ስም የሚሠራ የወንዶች ማኅበር ነበራቸው፤ ዕዳውን የማይከፍለውን ነጋዴ ማኅበሩ ንግዱን ያግድበታል፣ ቤቱን ያሽግበታል። የነጮቹ ካፒቴኖች እንኳ ዕዳቸውን ለማስከፈል ወደ ኤክፔ ይሄዱ ነበር። መያዣ ይዞ የጠፋ መርከብ ቢኖርም፣ ቀጥሎ የሚመጣው መርከብ መርከበኞች ይያዙበታል። ይህ ፍርሃት ብዙ መያዣዎችን ከመወሰድ አድኗል። ሁልጊዜ ግን አይሠራም።

በ1767 የኦልድ ካላባር ክፍሎች የሆኑት የኦልድ ታውንና የኒው ታውን (ይኸውም የዱክ ታውን) ሰዎች በንግድ ተፋጠው ሳለ የእንግሊዝ ካፒቴኖች የኦልድ ታውንን ሰዎች ‘እናስታርቃችሁ’ ብለው መርከብ ላይ ጠሩ፤ ከኒው ታውን ጋር ተመሳጥረው ከዚያ አስፈጁአቸው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞቱ። የኦልድ ታውን ገዥ ቤተሰብ የሆኑት ትንሹ ኤፍሬም ሮቢን ጆንና አንኮና ሮቢን ሮቢን ጆን ተይዘው ዶሚኒካ ደሴት ላይ ተሸጡ። ሁለቱ በመያዣነት የተሰጡ ባይሆኑም ነገራቸው የነፃ ሰውን መወሰድ ያሳያል። አምልጠው ቨርጂኒያ ደረሱ፣ እዚያም ዳግም ባሪያ ሆኑ፣ ከዚያ ብሪስቶል ወደብ ላይ መርከብ ውስጥ ታስረው ሳለ ለእንግሊዙ ዋና ዳኛ ለሎርድ ማንስፊልድ አቤቱታ ጻፉ። ክርክራቸው ባርነት አይገባም የሚል አልነበረም፤ ‘እኛ ነፃ ሰዎች ነን፣ የተያዝነው ያለ አግባብ ነው’ የሚል ነው። ተለቀቁ፣ በ1774ም ወደ አገራቸው ጉዞ ጀመሩ። ሰባት ዓመት ፈጀባቸው፤ እንግሊዝኛ የሚጽፉ፣ ብሪስቶል ውስጥ የሚያውቃቸው ነጋዴ ያላቸው የመሳፍንት ልጆች ሆነው ነው። የእህት ልጅ የሆነች፣ ስሟ በየትም ያልተጻፈ መያዣ ልጃገረድ ምን መንገድ ነበራት?

ከኦልድ ካላባር በስተ ምዕራብ ያለችው የቦኒ ወደብ ለንጽጽር ትጠቅማለች። በቦኒ ንጉሡ ጠንካራ ስለነበር ለነጋዴዎቹ ዕዳ ዋስ የሚሆነው እሱ ነው። የሚያስከፍል ኃይል ስላለ ካፒቴኖቹ ሰውን በመያዣነት የመያዝ ነገር እዚያ እምብዛም አላስፈለጋቸውም። ዕዳ የሚያስከፍል ሥልጣን በሌለበት ሰው መያዣ ይሆናል፤ ባለበት ግን አያስፈልግም። ይህ ግን ለቦኒ ምስጋና አይሆንም። ቦኒ ከካላባር በላይ ሰው የተጫነባት ወደብ ነበረች፤ ዱቤው በተቃና ቁጥር ንግዱም ሰፋ።

ተመሳሳይ ነገር በምሥራቅ ዳርቻም ደርሷል። በኬንያ ጠረፍ ከሞምባሳ በስተኋላ የሚኖሩት ሚጂኬንዳዎች በ1880ዎቹ ረሃብ ጊዜ ልጆቻቸውን ለጠረፉ ሰዎች በእህል አስያዙ። ብዙዎቹ ከረሃቡ በኋላ ሊመለሱ ታስበው ነበር። ከመካከላቸው ግን በባሕር ተወስደው የተሸጡ አሉ።

ሕጉ ሲመጣ ግብሩም መጣ

ቅኝ ገዥዎች ባርነትን እንሽራለን ብለው ሲመጡ ለዚህ ውል ግራ ተጋቡ። ብሪታንያ በጎልድ ኮስት ቅኝ ግዛት፣ በዛሬዋ ጋና፣ በ1874 ባርነትን በአዋጅ ስታስቀር ሰውን በዕዳ ማስያዝንም ከለከለች። ፈረንሳይ በምዕራብ አፍሪካ ግዛቷ በ1905 የሰውን ነፃነት የሚሸጥና የሚለውጥ ውልን ሁሉ በአዋጅ አገደች። በዮሩባ አገር ግን የብሪታንያ ሹማምንት ኢዎፋን ‘የሥራ ውል ነው’ እያሉ ለረጅም ጊዜ ታገሡት። በኢባዳን ዙሪያ የመጀመሪያዎቹ የካካዎ እርሻዎች ሲተከሉ ከሠራተኞቹ መካከል ኢዎፋዎች ነበሩ።

ይባስ ብሎ ራሱ አገዛዙ ለዕዳ አዲስ ምክንያት ፈጠረ። ግብር በጥሬ ገንዘብ፣ በተወሰነ ቀን ይከፈላል፤ ዝናብ ቀረ አልቀረ። በ1930ዎቹ የዓለም ገበያ ሲወድቅ የለውዝና የሌላው ምርት ዋጋ አሽቆለቆለ፣ ግብሩ ግን አልወረደም። በፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ በአዋጅ ጠፋ የተባለው ልጅ ማስያዝ በዚያን ጊዜ ተመልሶ መጣ፤ አባቶች የመንግሥትን ግብር ለመክፈል ሴት ልጆቻቸውን አስያዙ። ግብሩን የሚሰበስበውና ውሉን የከለከለው አንድ መንግሥት ነበር።

ሰው ከመያዣነት እየወጣ የሄደው ከአዋጁ ይልቅ ሌላ መያዣ ሲገኝ ነው። በጎልድ ኮስት ገበሬዎች ካካዎ ተከሉ፤ በ1911 ቅኝ ግዛቷ በካካዎ ምርት ከዓለም አንደኛ ሆነች። የካካዎ ዛፍ ለዓመታት ያፈራል፣ በዓመት በዓመቱ ገንዘብ ይሰጣል፣ ከቦታው አይሄድም። የአሻንቲ ገበሬ ሲቸገር አሁን እርሻውን ያስይዛል፤ አበዳሪው ፍሬውን ይለቅማል፣ ፍሬው በወለድ ቦታ ይቆማል፣ ዋናው እስኪከፈል እርሻው አይመለስም። በሌላ አነጋገር እውነተኛው ወለድ አገድ ሆነ። ወንዶች ልጆች በፍጥነት ከዚህ ነፃ ወጡ። ሴቶች ቆዩ፤ በጋብቻ ስም የሚደረገውን ማስያዝ ዳኛ ሊለየው አይችልምና። አሻንቲ ውስጥ ሚስትን በዕዳ የመያዝ ልማድ ከአዋጁ በኋላ ለአሥርት ዓመታት በትዳር ሽፋን ሲሠራበት ኖሯል።

ዓለም አቀፉ ሕግ ለነገሩ ልክ የሆነ ቃል ያገኘው በ1956 ነው። በዚያ ዓመት መስከረም ጄኔቫ ላይ የወጣው ተጨማሪ የባርነት ስምምነት የዕዳ እስረኝነትን ሲተረጉም፣ ተበዳሪ የራሱን ወይም በሥሩ ያለን ሰው አገልግሎት ለዕዳ መያዣ ሲሰጥ፣ የአገልግሎቱም ዋጋ በአግባቡ ተገምቶ ከዕዳው ካልተቀነሰ፣ ወይም የአገልግሎቱ ዘመንና ዓይነት ካልተወሰነ፣ ያ የተከለከለ ነው ይላል። ከዋናው ላይ ዛጎል የማይቀንሰው የኢዎፋ ስሌት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገባ ማለት ነው። እዚያው አንቀጽ ላይ ሴትን ያለ ፈቃዷ በክፍያ ለትዳር መስጠትና ልጅን ጉልበቱ እንዲበዘበዝ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ለየብቻ ተዘርዝረዋል። በዕዳ ተይዛ፣ በልጅነቷ ስትሠራ ኖራ፣ በመጨረሻ ዕዳው ጥሎሽ ተብሎ የተዳረችው ልጃገረድ በሦስቱም ሥር ትወድቃለች።